ይድነቃቸው ተሰማ፤ ካርቱም ላይ እምቢ ያሉት ኳስ ተጫዋች

ከገዳሪፍ ተነስቶ በወድ መደኒ አድርጎ ካርቱም የሚያስገባውን መንገድ ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ያውቁታል። ለሥራ፣ ለሕክምና፣ ለወረቀት ጉዳይ ተመላልሰውበታል። የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1957) ካርቱም ውስጥ የአራት አገር ሰዎች ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመሥረታቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ለኢትዮጵያ ከተቀመጡት አንዱ የ35 ዓመቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ልጆቻችን የአውሮፓ ክለብ ተጫዋቾችን ስም ከነማልያ ቁጥራቸው ይደረድራሉ፤ እኔም አልከለክልም። የእኚህን ሰው ስም ግን ጠይቄ የመለሰልኝ ተማሪ ስላላገኘሁ፣ ለዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን የሳቸውን ሕይወት መርጫለሁ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ውስጥ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነው፤ የእንቁጣጣሽ ልጅ ናቸው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በማሲንቋቸው የታወቁ፣ ከአድዋ ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ወደ ጀርመን አገር ተልከው የመኪና ሥራ የተማሩ፣ እዚያው ሳሉም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች የሚባሉት የሳቸው ናቸው። ልጃቸው የተማሩት አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ነው። ፈረንሳይኛ በደንብ ከሚሰጥባቸው ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱ ስለነበር፣ በኋላ በዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ ያለ አስተርጓሚ የሚከራከር ኢትዮጵያዊ ሆነው ተገኙ። የቋንቋ ክፍለ ጊዜ ሲመጣ ለሚያዛጉት ልጆቻችን ይህን ሳልጠቅስ አላልፍም።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ አነሳሽነት አራዳ ውስጥ የተቋቋመው በ1928 ዓ.ም. ነው። ወጣቱ ይድነቃቸውም ገና ከጅምሩ ተቀላቀሉት። ክለቡ ግን ተደላድሎ ለመጫወት ጊዜ አላገኘም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ።

በወረራው ዘመን ኳስ አልቆመም፤ በዘር ተከፈለ እንጂ። የፋሺስት ሕግ ነጩንና ጥቁሩን በመኖሪያ ሠፈር፣ በሲኒማ ቤት፣ በተሽከርካሪ ሳይቀር ለይቶ ነበር፤ ሜዳውም አልቀረለትም። አገሬው ከአገሬው ጋር ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። የጊዮርጊስ ስም እንኳን ተቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር እንዲባል ተገደደ። አቶ ይድነቃቸው ከ14 እስከ 19 ዓመታቸው፣ ማለትም አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ባሉበት ዕድሜ፣ ኳስን የለመዱት እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ የኋለኛውን ሥራቸውን መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ጊዮርጊስ በስሙ ተመልሶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖች ፎርቲቱዶ እንዲሁም ከእንግሊዝ ጦር ቡድን ጋር መጋጠም ጀመረ። ትናንት አብሮ መጫወት የተከለከለው ልጅ ዛሬ ከጣሊያኖቹ ቡድን ጋር በአንድ ዳኛ ፊት፣ በአንድ ሕግ ተሰለፈ። አቶ ይድነቃቸው ለአንድ ክለብ ብቻ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳገቡ ይነገርላቸዋል፤ ለብሔራዊ ቡድኑም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ቡድኑ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ግጥሚያ ያደረገው በ1940 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከያኔው የፈረንሳይ ሶማሊላንድ፣ ከዛሬዋ ጅቡቲ ጋር ሲሆን 5 ለ 0 አሸንፏል።

ያን ጊዜ ኳስ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ አልነበረም። ሰውየው እየተጫወቱ ያሠለጥናሉ፣ እያሠለጠኑ ደብዳቤ ይጽፋሉ። የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1935 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአደራጆቹ ውስጥ ነበሩ። ማልያቸውን አውልቀው ወደ ቢሮ የሚሄዱ፣ ከቢሮ ወጥተው ማልያ የሚለብሱ ሰው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ካርቱሙ ስብሰባ ልመለስ። ሐሳቡ የተጠነሰሰው ባለፈው ዓመት ሊዝበን ላይ፣ በዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን (ፊፋ) ጉባኤ ወቅት ነው። የግብፅ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪካ ሰዎች እዚያ ተገናኝተው ለአህጉሩ አንድ ድርጅት ይኑረን ተባባሉ። አስተናጋጇ ሱዳን ነፃነቷን ካገኘች ገና አንድ ዓመቷ ነበር። አብዛኛው አፍሪካ በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበር፣ ለስብሰባው የተገኙት እነዚህ ሦስቱና ኢትዮጵያ ብቻ ናቸው። ከሱዳኖቹ አንዱ ሐኪሙ ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ነበሩ፤ ይህን ስም ያዙልኝ።

አራቱ አገሮች ወዲያው የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ እዚያው ካርቱም ላይ ሊጫወቱ ተስማምተው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ግን ወይ ነጭ ብቻ፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እንጂ የተደባለቀ አልልክም አለች። የአፓርታይድ ሕግ ነው። በቁጥር አራት ብቻ ለሆነ ድርጅት አንዱን ማጣት ቀላል አልነበረም፤ ውድድሩ ራሱ በሦስት ቡድን መቅረቱ ነው። ላሁኑ እንለፈው፣ ጥቁሮቹን ይላኩና እንጫወት ማለት ይቻል ነበር። ግብፅ፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ ይህን አልተቀበሉም። አቶ ይድነቃቸው በዘር የተከፈለ ሜዳ ምን እንደሆነ ከማንም ሊነገራቸው አያስፈልግም ነበር። ደቡብ አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች።

ለኢትዮጵያ ግን ውጤቱ ደስ አላሰኘም። ተጋጣሚዋ ደቡብ አፍሪካ ስለነበረች ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። ግብፅ ሱዳንን 2 ለ 1 አሸንፋ መጣች። የካቲት 9 ቀን በካርቱም ስታዲየም ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ ነበር። ትክክለኛ ውሳኔ ወዲያው ዋንጫ አያመጣም፤ ከካርቱም የተመለሱት አራት ጎል ይዘው ነው።

ዋንጫው የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው፣ ተጋጣሚዋም ያችው ግብፅ። ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ ሁለተኛውን የአቻነት ጎል አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ያስቆጠረው መደበኛው ሰዓት ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው። በተጨማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ተጠናቀቀ። ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት የተወለደ ነው። በልጅነታቸው የጣሊያን ሕግ ከሜዳ የለያቸው አሠልጣኝ፣ አባቱ ጣሊያናዊ በሆነ አምበል መሪነት ድል አደረጉ። ታሪክን ስናስተምር ይህችን ብንጨምራት መልካም ነበር፤ በመማሪያ መጽሐፎቻችን ግን አላየኋትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ አምስት ዓመት በአብዛኛው የስብሰባ ክርክር ነው። ለልጆች አይጥምም ይሆናል፤ ለኔ ግን ከጎሎቹ ይበልጣል። በ1966 (በፈረንጅ) ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድ እንኳ ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር እንደገና ይጋጠም አለ። የጋና ሰዎች ተቃውሞውን ሲመሩ አቶ ይድነቃቸው አብረው ቆሙ፤ አፍሪካ ከማጣሪያው ሙሉ በሙሉ ወጣች። በ1970 ሞሮኮ ሜክሲኮ የሄደችው በዚህ ትግል በተገኘው ቦታ ነው። በዚያው በ1970 ሱዳን በካርቱምና በወድ መደኒ የተደረገውን የአፍሪካ ዋንጫ አስተናግዳ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች። ዕድሜያቸው የገፋ የገዳሪፍ ሰዎች ያን ዓመት ዛሬም ያነሳሉ።

በ1972 አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ የያዙት ወንበር ከዶክተር አብደል ሐሊም የተረከቡት ነው። ከዚያ ወዲህም ስለ ደቡብ አፍሪካ የሚሉት አልተለወጠም። ፊፋ ያችን አገር አንዴ ሲያግድ አንዴ ሲመልስ ቆይቶ፣ ከሶዌቶ ተማሪዎች ግድያ አንድ ወር በኋላ በ1976 ሞንትሪያል ላይ አባረራት። ካርቱም ላይ ሦስት አገሮች የወሰኑትን ዓለም ለመወሰን 19 ዓመት ፈጀበት።

በአንድ ጉዳይ ግን ከሳቸው ጋር ሙሉ በሙሉ መስማማት ይከብደኛል። አፍሪካውያን ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። ከ1965 እስከ 1982 በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ውጭ አገር የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ብቻ እንዲያሰልፍ የሚፈቅድ ደንብ ነበር። ምርጦቹ ከሄዱ የቤቱ ሜዳ ይራቆታል የሚል ስጋት ነው፤ እውነትም ነበረው። ነገር ግን እዚህ መተማና ገላባት ላይ ድንበር ተሻግሮ ኑሮውን ያቃና ሰው ልጆች እያስተማርኩ፣ የሄደን ሰው ለመውቀስ አንደበት የለኝም። ይህን ጉዳይ ለዘጠነኛ ክፍል የክርክር ርዕስ አድርጌ ሰጥቼው ክፍሉ እኩል ለእኩል ተከፍሏል፤ ከሁሉ ጠንክራ ለአቶ ይድነቃቸው የተከራከረችውም አባቷ ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ናት።

አቶ ይድነቃቸው በካንሰር ታመው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1987) አዲስ አበባ ላይ አረፉ። 66 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሳምንታት ቀርተዋቸው ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ፕሬዚዳንት ስለነበሩ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ቀጣዩ ምርጫ እስኪደረግ ድረስ የተቀመጡበት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት ካርቱም ላይ አብረዋቸው የነበሩት ሱዳናዊው ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ናቸው።