የመርሊን አባት፤ የሞንማውዙ ጄፍሪ

የንጉሥ አርተርን ስም የሚያነሣ ሁሉ የአማካሪውን የጠቢቡን የመርሊንን ስም ሳያነሣ አያልፍም። ይህን ጠቢብ ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ቀርጾ ለአውሮፓ ያስረከበው፣ በ1100 እ.ኤ.አ. ገደማ የተወለደው የላቲን ጸሐፊ የሞንማውዙ ጄፍሪ ነው። ሞንማውዝ በዌልስ ድንበር የምትገኝ ከተማ ናት። ጄፍሪ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ያሳለፈው በኦክስፎርድ ነበር፤ ከ1129 እስከ 1151 በዚያ በተጻፉ ውሎች ላይ በምስክርነት ስሙ ይገኛል።

የመርሊንን ትንቢቶች ከ1135 በፊት አወጣ። በ1136 ገደማም እነዚሁኑ ያካተተውን የብሪታንያ ነገሥታት ታሪክ ጻፈ። መርሊንን ያገኘው ከሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው በ9ኛው መቶ ዘመን በተጻፈ የላቲን መጽሐፍ የተወሳው ሕፃን አምብሮስዮስ ነው። ንጉሥ ቮርቲገርን የሚያሠራው ምሽግ አልጸና ቢለው፣ አማካሪዎቹ አባት የሌለው ልጅ ታርዶ ደሙ በመሠረቱ ላይ እንዲረጭ መከሩት። ለመታረድ የቀረበው ልጅ ግን ከመሠረቱ ሥር ኩሬ መኖሩን፣ በውስጡም አንድ ቀይና አንድ ነጭ ዘንዶ መተኛታቸውን ገልጦ አማካሪዎቹን አሳፈረ። ሁለተኛው የዌልስ ባለቅኔዎች የሚያወሱት፣ ከጦርነት ሽብር የተነሣ አእምሮው ተናውጦ ጫካ የገባው ባለ ራእይ ሚርዲን ነው። ጄፍሪ ሁለቱን አንድ አድርጎ መርሊኑስ አለው። ስሙን እንዳለ ቢገለብጠው በፈረንሳይኛ ከአንድ ጸያፍ ቃል ጋር ይቀራረብ ነበርና ለውጡ አያስገርምም።

የዚህ መርሊን ማራኪነት ከአስማቱ ይልቅ በዕውቀቱ ላይ ነው። ግዙፎቹን ድንጋዮች ከአየርላንድ አንሥቶ ስቶንሄንጅን ያቆመው በራሱ መሣሪያና ብልሃት ነው፤ ንጉሥ ኡተርን የሌላ ሰው መልክ ያስያዘውም በመድኃኒት ነው። ዘውድ አይሻም፣ ሠራዊትም የለውም፤ ነገሥታት ግን ያለ እርሱ አይቆሙም። ትንቢቶቹም ነገሥታቱን በአውሬና በዘንዶ አምሳል ስለሚጠሩ፣ የኋላው ትውልድ ሁሉ የራሱን ዘመን አነበበባቸው።

በመቶ ዘመኑ መጨረሻ የኒውበርጉ ዊልያም ጄፍሪን ሐሰተኛ ታሪክ ጸሐፊ ሲል አወገዘው። ውግዘቱ ተገቢ ነበር፤ ጄፍሪ ከጥንታዊ የብሪታንያ ቋንቋ ተረጎምሁት ያለው መጽሐፍ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሆኖም ፈጠራው ለብዙ ትውልድ እንደ እውነተኛ ታሪክ ተነበበ፤ ከ200 የሚበልጡ የእጅ ጽሑፍ ቅጂዎችም እስከ ዘመናችን ደርሰዋል።

በ1150 ገደማ ጄፍሪ ወደ መርሊን ተመለሰ። ከ1,500 በሚበልጡ የላቲን ስንኞች፣ የንጉሥን ስጦታ ንቆ ጫካውን የመረጠውን እብድ ባለ ራእይ ገለጠ። እርሱ ራሱ ግን ሹመትን አልናቀም፤ በ1152 ቅስና ተቀብሎ በዚያው ወር በሰሜን ዌልስ የሴንት አሳፍ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ። በ1153 ንጉሥ እስጢፋኖስና ሄንሪ ላደረጉት የሰላም ውል ከምስክሮቹ አንዱ ነበር። በ1155 ገደማ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ባለቅኔው ዌስ የጄፍሪን ታሪክ በፈረንሳይኛ ግጥም አቀረበ፤ የመርሊንን ትንቢቶች ግን ፍቺያቸውን ስላላወቀ ሳይተረጉማቸው አለፈ።