የአክሊሉ ለማ ሕይወትና የእንዶድ ምርምር

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የቡሹሎ መንደር ኑሮ ከሐይቁ ጋር በጥብቅ የተሳሰረ ነው። ዓሣ የሚጠመደው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ልጆችም የሚዋኙት በዚሁ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ሐይቁ ሲሳይን ብቻ ሳይሆን በሽታንም ይሰጣል። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በቡሹሎ ከተመረመሩት ሰዎች መካከል ከመቶ 70 የሚበልጡት የቢልሃርዚያ ትል ተገኝቶባቸዋል። ይህንኑ በሽታ ለመዋጋት ዕድሜያቸውን ካሳለፉት ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት መካከል ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው አክሊሉ ለማ ናቸው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ አገር ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላም ስለ ቢልሃርዚያ ማጥናት ጀመሩ። የዚህ በሽታ ትል እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል። በውኃው ውስጥ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ በሚባለው ትንሽ ፍጥረት አካል ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውኃው የሚታጠበውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መተላለፊያ መንገድ ይቋረጣል።

በ1964 አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ ወንዞችን ሲመረምሩ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርከት ብለው ይታዩ ነበር። እንዶድ የኢትዮጵያ እናቶች ከጥንት ጀምሮ እንደ ሳሙና ሲገለገሉበት የኖረ ተክል ነው። ብዙ ሰው አይቶ ያለፈውን ነገር እኒህ ምሁር ቆም ብለው መረመሩት። ቀንድ አውጣዎቹን የገደላቸው እንዶዱ ሳይሆን አይቀርም የሚል መላምት አቀረቡ። በቤተ ሙከራ በተደረገውም ፍተሻ የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ተረጋገጠ።

ይሁን እንጂ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ነገር ሁሉ በሕዝብ ኑሮ መካከል ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዐድዋ ከተማ የአምስት ዓመት ሙከራ ተካሄደ። በወንዞቹ ውስጥ እንዶድ ሲጨመር ቆይቶ ሕዝቡ ሲመረመር፣ ቀድሞ ከመቶ 63 የነበረው የሕሙማን ብዛት ወደ 34 ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከ1 እስከ 6 ዓመት በሚሆናቸው ሕፃናት ላይ ደግሞ ከመቶ 50 የነበረው ወደ 7 ወረደ።

እነዚህ ቁጥሮች ምን ይናገራሉ? ትሉ በትልልቅ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊኖር ስለሚችል፣ በእነርሱ ላይ የሚገኘው በሽታ የቆየ ሊሆን ይችላል። ሕፃናት ግን በሽታው ከያዛቸው የያዛቸው በቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ መተላለፊያው መቋረጡን ይበልጥ የሚመሰክረው የሕፃናቱ ቁጥር ነው።

ቢሆንም ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። ከ10 ልጆች መካከል 5ቱ ታመው የነበሩ ቢሆኑና በኋላ 3 ብቻ ቢታመሙ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ስታቲስቲክስ የሚባለው ትምህርት መለኪያ አበጅቷል። ተመራማሪው በመጀመሪያ፣ የተሞከረው ነገር ምንም ለውጥ አላመጣም ብሎ ይነሣል። ቀጥሎም ይህ መነሻ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ የታየውን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ያሰላል። ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ሲሆን፣ በብዙ ምርምሮችም ከመቶ 5 በታች ሲሆን፣ መነሻው ይጣላል። ያም ሆኖ ለውጡን ያመጣው የዝናብ ማነስ ወይም ሌላ ምክንያት አለመሆኑን ለብቻው ማጣራት ይገባል።

በዚህ ፍርድ ላይ ሁለት ዓይነት ስሕተቶች ሊደርሱ ይችላሉ። የመጀመሪያው የማይጠቅመውን ነገር ይጠቅማል ብሎ መቀበል ነው። ሁለተኛው የሚጠቅመውን ነገር አይጠቅምም ብሎ መጣል ነው። አንደኛው ሕዝብን በከንቱ ተስፋ ያታልላል፤ ሌላው ደግሞ መድኀኒት በእጁ እያለ ሕዝቡን ለበሽታ ይተወዋል።

የአክሊሉ ለማ ፈተናም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነበር። ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት አለማድረሱ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች እስኪመረመር ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውል ጠየቁ። ጥያቄያቸው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ እንዶድ ዓሣን ጭምር ይገድላልና። እንደ ቡሹሎ ባለ ዓሣ አስጋሪ መንደር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ምርመራው ገንዘብ ይጠይቅ ስለነበር ዓመታት አለፉ። በመጨረሻም በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማእከል ድጋፍ የመርዛማነቱ ምርመራ ተካሄደ። ገና አለመረጋገጥ ከንቱነት ማለት አለመሆኑን አክሊሉ ለማ ተረድተው ስለነበር ተስፋ ሳይቆርጡ ሥራቸውን ቀጠሉ።

እኒህ ምሁር በ1966 በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙም በኋላ በስማቸው ተሰየመ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥም አገልግለዋል። በ1989 ከሥራ ጓደኛቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተለዋጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዛሬ ቢልሃርዚያ በብዛት የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በሚባል እንክብል ሲሆን፣ እንዶድ እንደታሰበው በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። የአክሊሉ ለማ ትምህርት ግን አላረጀም። በሐይቅ ዳር የምትሠራ አንዲት ነርስ ጥቂት ልጆችን ብቻ መርምራ በሁለት ወገን መካከል የጎላ ልዩነት ብታጣ፣ ልዩነት የለም ብላ መደምደም አይገባትም፤ ብዙ ልጆችን መርምራ እንደገና ማየት ይኖርባታል። ልዩነት ብታገኝም ምክንያቱን ሳታጣራ መቸኮል የለባትም። ለማመንም ሆነ ለመካድ የማይቸኩል ሰው ለወገኑ ይጠቅማል።

ጥያቄዎች

1. አክሊሉ ለማን ወደ እንዶድ ምርምር የመራቸው ምን ነበር?
2. ከትልልቆቹ ይልቅ የሕፃናቱ ቁጥር ጠንካራ ማስረጃ የሆነው ለምንድን ነው?
3. በምንባቡ የተገለጹትን ሁለት ስሕተቶች በየራሳቸው ምሳሌ አስረዱ።
4. «መላምት»፣ «አጋጣሚ»፣ «መደምደም» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።