እንዶድና ዶክተር አክሊሉ ለማ

በመርጡለ ማርያም፣ በሞጣም ሆነ በቢቸና በኩል ያደገ ሰው እንዶድን አያውቅም ማለት ዘበት ነው። ከአጥር ጥግና ከወንዝ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬው ተለቅሞ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። የጥምቀት ዋዜማ ነጠላና ቀሚስ ሲነጣበት የኖረው በእሱ ነው። ሳሙና መግዣ የሌለው የአብነት ተማሪም ኩታውን ያጠበው በእንዶድ ነው። በጎጃማችን ስሙ ለቦታ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱበት አገር እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ይባላል።

ይህን እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁትን ተክል ወደ ዓለም የምርምር መድረክ ያወጡት ሰው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ታሪካቸውን ለግድግዳ ጋዜጣችን የመረጥኩበት ምክንያት አለኝ። ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ከሦስቱ ሥራዎቻቸው አንዱ የአካባቢውን ሕዝብ ማገልገል መሆኑ በየጊዜው ይነገራል። ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ ምሁሩ ሰጪ፣ ሕዝቡ ተቀባይ ተደርጎ ነው። እስቲ የአድዋው ወንዝ ምን እንደሚነግረን እንይ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር የምጽፍ መሆኔን አንባቢ ልብ ይበል።)

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በመስከረም ወር 1935 ነው፤ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ማለት ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ አገር ተከታትለው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ሙያቸው በሰው አካል ውስጥ ተጠግተው የሚኖሩ ተውሳኮችን ማጥናት ነበር። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም።

በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበረው አንድ ዩኒቨርሲቲ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ነው። እዚያው በ1964 የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባለው ፕሮግራም ተጀመረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል የሚያስገድድ ደንብ ነው፤ አብዛኞቹም የተመደቡት ለመምህርነት ነበር። መምህር ባልነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕፃናት በእነሱ ተምረዋል፤ ተማሪዎቹ ራሳቸውም የገጠሩን ኑሮ በዓይናቸው አይተው ተመልሰዋል። ትልቅ ሥራ ነው። ዶክተር አክሊሉ በዚያው ዓመት ወደ ሰሜን የሄዱት ግን ለማስተማር ሳይሆን ለመጠየቅ ነበር።

የሄዱት አድዋ ነው፤ ቢልሃርዚያን ለማጥናት። ይህን በሽታ ዕጩ መምህራን በደንብ ብታውቁት አይከፋም፤ በብዛት የሚይዘው ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቀውን ተማሪያችሁን ነውና። የበሽታው ትል እንቁላል ከታማሚው ሰው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወጥቶ ወንዝ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ጥቃቅን እጭ አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባበታል፤ እዚያ ሆኖ በብዙ እጥፍ ይባዛል። ከቀንድ አውጣው ሲወጣ ደግሞ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ አንጀትና ጉበት፣ በአንዳንዱም የሽንት ፊኛ ይጎዳል። ልጁ ሆዱ ይነፋል፣ ይደክማል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል፤ መምህሩም ሰነፍ ነው ይለዋል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ይያዝ የነበረው ሕዝብ ከ200 ሚሊዮን በላይ ተብሎ ይገመት ነበር። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ መራቢያ ያጣል። ስለዚህ በዘመኑ ከታሰቡት መከላከያዎች ዋናው ቀንድ አውጣውን መግደል ነበር፤ መግደያው መድኃኒት ግን ከውጭ የሚመጣ ኬሚካል ሆኖ ዋጋው የድሃ አገር ወረዳ የሚችለው አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ አድዋ ላይ ወንዙን ተከትለው ቀንድ አውጣ ሲቆጥሩ አንድ ነገር ልብ አሉ። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈዋል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ያሉት ግን ደኅና ናቸው። ሴቶቹ የሚያጥቡት በምን እንደሆነ ጠየቁ። በእንዶድ ነው። ከላይኛው ወንዝ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው በዕቃ አመጡና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጨምሪበት አሏት። ጨመረችበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

የመጀመሪያው ሙከራ የተካሄደው እንግዲህ በወንዝ ዳር ነው፤ አረፋውን ያፈሰሰችውም አንዲት ልብስ አጣቢ ናት። በቤተ ሙከራ የተደረገው ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። በዚያ ወንዝ ብዙ የተማረ ሰው ሳያልፍ አልቀረም። አረፋውን አይቶ አልፏል፣ ቀንድ አውጣውንም አይቶ አልፏል፤ ሁለቱን ያገናኘ ግን አልነበረም። ሴቶቹ አረፋውን ያውቃሉ፣ በሽታው በቀንድ አውጣ እንደሚተላለፍ ግን የነገራቸው የለም። ሐኪሙ ስለ ቀንድ አውጣው ያውቃል፣ የእንዶድን አረፋ ግን ቁም ነገር ብሎ አይመለከተውም። ግማሹ ዕውቀት ወንዝ ዳር፣ ግማሹ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል ማለት ነው።

ዶክተር አክሊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ነገሩን በቤተ ሙከራ አረጋገጡ፤ የመጀመሪያ ውጤታቸውንም በ1965 ያወጡት በአገራችን የሕክምና መጽሔት ላይ ነው። በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በእሳቸው መሪነት ተቋቋመ። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም የተባበሯቸው ኬሚስቶች ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ፈረንጆች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወስዱ ክብሩ ለአባታቸው ለአቶ ለማ ደረሰ ማለት ይቻላል!

ዋናው ሥራ ግን እዚያው አድዋ ነው የተሠራው። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህንን ነው። ስንቱ ተመራማሪ መጠይቁን አስሞልቶ፣ ደሙን ቀድቶ ከሄደ በኋላ ተመልሶ አይታይም! እነሱ ከ1969 እስከ 1974 አምስት ዓመት በከተማይቱ ወንዞች ላይ የተፈጨ እንዶድ እየረጩ፣ ሕዝቡን እየመረመሩ ቆዩ። ከስድስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ውስጥ በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ገደማ የነበሩት ወደ 7 ገደማ ወረዱ። የትልልቆቹ ቁጥር የዚህን ያህል አልወረደም፤ ቀድሞ ደማቸው ውስጥ የገባውን ትል እንዶድ አያወጣውምና። (በዚህ አጋጣሚ፣ እንዶድ የሚጠጣ መድኃኒት አይደለም፤ መርዝነት አለው። ዓሣንም ይገድላል።)

ከዚያ ወዲህ ደግሞ የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ገቡበት። እንዶድ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ ብዙ ያፈራል፣ ሌላው ተባይ ይበላዋል፣ የሌላው ኃይሉ ደካማ ነው። የተለያዩ የአገር ውስጥ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ አብቅለውና አወዳድረው ዓይነት 44 የሚባለውን መረጡ። ሐሳቡ ገበሬው ራሱ አብቅሎ፣ ወረዳው ራሱ ፈጭቶ፣ የራሱን ወንዝ ራሱ እንዲጠብቅ ነበር። የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ መከላከያ ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ምን ሆነ ብትሉ፣ ወረቀት ላይ ቆመ። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድ በሰውና በእንስሳት ላይ ጉዳት የማያደርስ መሆኑ በሚያውቋቸው ቤተ ሙከራዎች፣ በሚቀበሉት ደንብ መሠረት ካልተመረመረ በቀር አንደግፍም አሉ። ጥንቃቄው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። የሚያስቆጨው ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው ምርመራ እንደ ምርመራ ያለመቆጠሩ ነው። ለፈረንጁ ቤተ ሙከራ የሚከፈል ገንዘብ እስኪገኝ ብዙ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ የካናዳ መንግሥት ያቋቋመው የልማት ምርምር ማዕከል ረድቶ ምርመራው ተካሄደ። በዚህ መካከል በ1980ዎቹ ፕራዚኳንቴል የሚባለው እንክብል ተስፋፋና የዓለም ዓይን ከቀንድ አውጣው ወደ ታማሚው ዞረ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች የሚታደለው መድኃኒት ይኸው ነው፤ ታማሚውን ያድናል፣ ልጁ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ ግን እንደገና መያዙን አይከለክልም።

ዶክተር አክሊሉ በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠሩ፤ በጣሊያን አገር ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጉዳይ ማዕከልም አገልግለዋል። የትም ይሁኑ የት እንዶድን አልተዉም። አፍሪካውያን ሳይንቲስቶች በገዛ አገራቸው ችግር ላይ በገዛ ቤተ ሙከራቸው የመመራመር ዐቅም ሊኖራቸው ይገባል የሚለውን ክርክር እስከ መጨረሻው ገፉበት። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ስቶክሆልም ላይ በአንድነት ተቀበሉ።

በዓመቱ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከአውሮፓ በመርከብ የገባ፣ የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ያለው ትንሽ ባለ ቅርፊት እንስሳ ተራብቶ የከተሞችንና የፋብሪካዎችን የውሃ ቧንቧ ይደፍን ጀመር። ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ሊቀበሉ ኦሃዮ ወዳለው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ ይህንንም እንስሳ እንደሚገድል ታየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ አገር የፈጠራ ባለቤትነት መብት ወጣበት። የአድዋ እናቶች ከዘመናት ጀምሮ የያዙት ዕውቀት በባሕር ማዶ ባለቤት አገኘ ማለት ነው፤ ነገሩ እስከ ዛሬ የአገር በቀል ዕውቀት በተነሣ ቁጥር እንደ ምሳሌ ይጠቀሳል፣ ያከራክራል። ለእኔ ለራሴ ከአድዋ እስከ ቶሊዶ ባለው ታሪክ ውስጥ በጣም የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ንጥረ ነገሩ ስም አለው፣ ዝርያው ቁጥር አለው፣ ያን ቀን አረፋውን ዕቃው ውስጥ የጨመረችው ሴት ግን በሚተረከው ታሪክ ሁሉ አንዲት ሴት ብቻ ናት።

የእኛ ዕጩ መምህራን ወደ ገጠር ትምህርት ቤት ለልምምድ ስትወጡ የአካባቢ ጥናት እንድትሠሩ ትታዘዛላችሁ። አብዛኛው ጥናት የሚጀምረው ሕዝቡ ምን እንደሚጎድለው በመዘርዘር ነው፦ መንገድ የለም፣ ውሃ የለም፣ ግንዛቤ የለም። ውሃ የምትቀዳውን ሴት በምን እንደምታጥብ፣ ገበሬውን ነቀዝ በምን እንደሚከላከል፣ ስሟንና ስሙን ጽፎ የሚመለስ ሰልጣኝ ቢኖር መምህራኑም የሚያርሙት ሌላ ዓይነት ወረቀት ባገኙ ነበር። ባለ ስሙ ፈቃደኛ ከሆነ ማለቴ ነው፤ እሱንም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአክሊሉ ለማ ስም ይጠራል፤ የቢልሃርዚያ ምርምሩም አልተቋረጠም።