ቀራጺው ፒየር ፑዤ

በጥንታዊ ግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌውስ ልጅ ናት። እናቷ ካሲዮፔያ በውበት ስለ ታበየች የባሕር አምላክ ተቆጥቶ አገር የሚያጠፋ አውሬ ላከ፤ ሕዝቡም ይድን ዘንድ ልጅቷ በባሕር ዳር ከዐለት ጋር ታሰረች። ፐርሴውስ የተባለው ጀግና ግን አውሬውን ገድሎ ነፃ አወጣት። ግሪኮች በዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ይሉ የነበረው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጠቅላላ ነበር። ይህን ታሪክ በእብነ በረድ ከቀረጹት ባለሙያዎች አንዱ ፈረንሳዊው ፒየር ፑዤ ነው።

ፑዤ እ.ኤ.አ. በ1620 በማርሴይ ከተማ ከአንድ ግንበኛ ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተ፣ በ14 ዓመቱ የመርከብ ጌጥ ከሚሠራ እንጨት ቀራጭ ዘንድ ገብቶ ሙያ ተማረ። በኋላም ወደ ኢጣሊያ ተሻግሮ በታዋቂው ሠዓሊ በፒየትሮ ዳ ኮርቶና ሥር ሠራ። በጄኖዋ ከተማ የቀረጻቸው የቅዱሳን ሐውልቶችም ስሙን አስጠሩት።

እ.ኤ.አ. በ1668 የቱሎን ወደብ የንጉሥ መርከቦችን የማስጌጥ ኀላፊነት ተሰጠው። ይሁን እንጂ መርከበኞቹ ግዙፎቹ ቅርጻ ቅርጾች መርከቡን ያከብዱብናል እያሉ አቤቱታ ያቀርቡበት ነበር። በዚያው ወደብ ፈላጊ አጥተው የተጣሉ ትልልቅ የእብነ በረድ ድንጋዮች ነበሩ። ፑዤ በ1670 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ዕድሜው 50 ሲደርስ፣ እነዚህን ድንጋዮች ይቀርጽ ዘንድ የንጉሥ ሉዊ 14ኛን ሚኒስትር ኮልቤርን ጠይቆ ፈቃድ አገኘ።

ከአንደኛው ድንጋይ እጁ በተሰነጠቀ ግንድ ተይዞ በአንበሳ የሚበላውን ታጋይ ሚሎን ቀረጸ። ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1683 በቬርሳይ ቤተ መንግሥት የአትክልት ስፍራ ሲቆም የፑዤ ዝና ከፍ አለ። በ1678 የጀመረውን የፐርሴውስንና የአንድሮሜዳን ሐውልትም በተማሪው በክሪስቶፍ ቬይሪዬ ረዳትነት በ1684 ፈጸመ። የሐውልቱ ቁመት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ፐርሴውስ ሰንሰለቱን ሲፈታ፣ አንድሮሜዳም ዝላ ወደ እርሱ ስትወድቅ ይታያል፤ ደረቁ ድንጋይ በዚያ ስፍራ ሥጋ የለበሰ ይመስላል።

ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ አንድሮሜዳን የአገሯን መልክ የያዘች ጠይም አድርጎ ገልጿት ነበር። ፑዤ ግን እንደ ዘመኑ የአውሮፓ ቀራጮች ሁሉ የአውሮፓዊት መልክ ሰጣት። ስለዚህ ሐውልቱን የሚያይ ሰው ታሪኩን ካላወቀ በስተቀር የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ መሆኗን አይገነዘብም።

ፑዤ በመጨረሻ ዘመኑ ያቀዳቸው ብዙ ሥራዎች ሳይፈጸሙ ቀርተው እ.ኤ.አ. በ1694 በትውልድ ከተማው ሞተ። ዛሬ ሁለቱ ሐውልቶች በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር፣ በስሙ በተሰየመው አደባባይ ይገኛሉ። በወደብ ተጥሎ የነበረው ድንጋይም ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ቆመው የሚመለከቱት ቅርስ ሆኗል።