ሺምፐር፦ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ጓሮ ያስገባው ጀርመናዊ

ከሳንጃ ተነስቶ በትክል ድንጋይ አድርጎ ጎንደር የገባ፣ ከዚያም በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የወጣ መንገደኛ የሰብሉን ለውጥ በዓይኑ እያየ ይሄዳል። ቆላው ላይ ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ ይታያል፤ ደጋው ላይ ገብስ፣ ባቄላና ድንች። ገብሱ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ነው። ድንቹ ግን አገራችን ከገባ ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላው እንግዳ ሲሆን፣ ያስገባው ሰው ስምም ይታወቃል፤ ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር ነው።

ሺምፐር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1804 በጀርመን ባቫሪያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ወታደር ነበር፤ ወደ ትምህርቱ የዞረው ዘግይቶ ነው። ቤተሰቡ ሀብት ባይኖረውም ዕውቀት ነበረው፤ ወንድሙ ካርልም ስሙ የተጠራ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በጀርመን አባላቱ ገንዘብ እያዋጡ ተጓዥ የሚልኩበት፣ ተጓዡ ደግሞ እያደረቀ የሚልከውን ዕፅዋት የሚከፋፈሉበት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ተቀጥሮ ግብፅን፣ ሲና በረሃንና የዓረብ አገርን ካዳረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1837 በምፅዋ በኩል ገብቶ ዓድዋ ደረሰ። ለጥቂት ዓመታት የመጣው ሰው ቀሪ ዕድሜውን፣ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውን፣ እዚሁ አሳለፈ።

በመጣ በዓመቱ ወደ ስሜን ወጥቶ ቧሂት ተራራ ላይ ዕፅዋት ሰብስቧል። አሠራሩ ለዛሬ የግብርና ባለሙያም የሚጠቅም ነው። ተክሉን ነቅሎ በወረቀት መካከል አድርጎ ያደርቃል፤ ከዚያም የት እንዳገኘው፣ በየትኛው ወር እንዳበበ፣ ቦታው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ይጽፍበታል። በዚህ መንገድ የተላኩ የስሜንና የትግራይ ዕፅዋት ዛሬም በአውሮፓ የዕፅዋት ቤተ መዘክሮች ተቀምጠው ይገኛሉ።

ማኅበሩ ሲፈርስ ግን የሚላክለት ገንዘብ ተቋረጠ። ሺምፐርን ያነሱት የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ናቸው። እንትጮን እንዲያስተዳድር ሾሙት፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ፤ ባለ ርስት ሆነ። ጃን አሞራ ውስጥ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንባታም ከሌላው ጀርመናዊ ከኤድዋርድ ዛንደር ጋር ስሙ ይነሳል። ይህ ሁሉ በ1847 ዓ.ም. ተገለበጠ። ደጃዝማች ካሳ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። የሺምፐር የእንትጮ ሹመትም በዚያው አበቃ።

ድንቹ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በድንች ላይ የተጻፉ ጥናቶች ሺምፐር ሰብሉን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባበትን ጊዜ እ.ኤ.አ. 1858 ይሉታል። ልብ ይሏል፤ ሹመት በነበረው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ገበሬውን አዝዞ ያስተክል ነበር። በ1858 ግን የሚያዝዘው ሰው አልነበረውም። የወላይታ ድንች ወይም የኦሮሞ ድንች የሚባለው አገር በቀል ሥራሥር ሌላ ተክል ነው፤ የሺምፐር ድንች ከአሜሪካ አህጉር፣ ከአንዲስ ተራሮች ተነስቶ አውሮፓን አቋርጦ የመጣው ነው።

ይህ ሰብል አውሮፓ ውስጥም መልካም ስም ብቻ አልነበረውም። ሺምፐር ኢትዮጵያ ውስጥ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ፣ ዛሬ የእኛ ገበሬ የድንች ምች የሚለው በሽታ የአየርላንድን ማሳ አጥፍቶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አልቋል። የአየርላንድ ድሃ ኑሮውን በአንድ ሰብል፣ ያንንም በአብዛኛው በአንድ ዝርያ ላይ ጥሎ ነበር። ጓሮውን ሁሉ ከአንድ ጎረቤት ባገኘው አንድ ዓይነት ዘር የሚሞላ አርሶ አደር ይህን ታሪክ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ ድንች ለብዙ ዓመታት ከጓሮ አልወጣም። እህል የለመደ ገበሬ፣ ከመሬት በታች የሚያፈራ፣ በጎተራ የማይቀመጥ፣ ለእንጀራ የማይሆን ነገር ለምን ማሳውን ይልቀቅለት? መስፋፋት የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም በደረሰው ረዥም ረሃብ ምክንያት መሆኑን ጥናቶች ይገልጻሉ። በ1880 ዓ.ም. የጀመረው ክፉ ቀን ከብቱን ፈጅቶ በሬ አሳጣ። በሬ የሌለው ሰው ሰፊ ማሳ ማረስ አይችልም፤ ጓሮውን በዶማ ቆፍሮ ድንች መቅበር ግን ይችላል። ድንች በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል። ሺምፐር ይህን አላየም፤ ክፉ ቀን ሲገባ ከሞተ አሥር ዓመት ሊሞላው ነበር።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የሺምፐር ድንች ለወረዳ አመራሮች አንድ ጥያቄ ያነሳል። አዲስ ዘር ሲከፋፈል በሪፖርት የሚቀርበው ስንት ኩንታል እንደታደለ ነው። ተቀባዩ በሁለተኛው ዓመት ከራሱ ዘር መልሶ ተክሎ እንደሆነ፣ ለጎረቤቱስ ሰጥቶ እንደሆነ ግን እምብዛም አይጠየቅም። ድንችን ያስፋፋው ግን ከጓሮ ወደ ጓሮ መሸጋገሩ ነው።

የድንች ችግሩ ዘሩ ራሱ ምግብ መሆኑ ነው። በችግር ወር ትልልቁ ይበላል ወይም ይሸጣል፤ የቀረው ደቃቅ ለዘር ይተዋል። ደቃቅ የሆነውም ብዙውን ጊዜ በበሽታ ከተያዘ እግር የተገኘ ስለሆነ ምርቱ በየዓመቱ ይወርዳል። መፍትሔው ሰብሉ ማሳ ላይ ሳለ ጤነኛውን እግር በችካል ምልክት አድርጎ፣ የዶሮ እንቁላል የሚያህለውን ከዚያ ለይቶ ለዘር ማስቀመጥ ነው። በጨለማ ጉድጓድ ሳይሆን በተበታተነ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል። በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ይተከላል፤ ሲያድግም አፈር ይታቀፋል። ዝርያን በተመለከተ ጉደኔና በለጠ በሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል በኩል የወጡ ናቸው።

ለሳንጃና ለታች አርማጭሆ ቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድንች ፍሬውን በደንብ የሚቋጥረው የአፈሩ ሙቀት ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ነው፤ ወደ 30 ሲጠጋ ቅጠሉ ያምርና ከሥሩ ምንም አይገኝም። በአገራችን ይበልጥ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 800 እስከ 2 ሺህ 500 ሜትር ባለው ቦታ ነው። ሺምፐር በየተክሉ ላይ የቦታውን ከፍታ ይጽፍ የነበረው በከንቱ አልነበረም። የቆላ ገበሬ ማሽላውንና ሰሊጡን ይዞ ድንቹን ከደጋው ቢገዛ ያዋጣዋል።

ጓሮ ካነሳን ዘንድ ዳሊያ የምትባለውን አበባም እናንሳት፤ አተካከሏ ከድንች ጋር ስለሚያምታታ ብዙ ሰው ይሳሳትባታል። እሷም ከአሜሪካ አህጉር፣ ከሜክሲኮ ደጋ የመጣች ናት። አውሮፓውያን እንደ ድንች ምግብ ትሆናለች ብለው ሞክረዋት ጣዕሟን ስላልወደዱት ለአበባነት አስቀሯት። ድንች የግንድ ክፍል ስለሆነ ዓይኑ በመላ አካሉ ላይ አለ፤ ቆርጠው ቢተክሉት ይበቅላል። የዳሊያ እብጠት ግን ሥር ነው፤ ዓይኑ ያለው ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ብቻ ነው። አንገቱ የተቆረጠ ሥር ከነውፍረቱ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ሥር ዓይን ካለው አንገት ጋር ይሁን፤ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበር፤ ቡቃያው እስኪወጣ ውኃ አይብዛበት፤ የሚደግፈው ችካልም አብሮ ይተከል። እሷም ብትሆን ቀዝቃዛ ሌሊት ትወዳለች።

የሺምፐር የመጨረሻ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የዓድዋን አካባቢ ዕፅዋትና አፈር እየዞረ መዘገበ፤ የእጅ ጽሑፉ ዛሬ በለንደን ይገኛል። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲሞቱ በዚያ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሱ ወደ ዓድዋ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1878ም እዚያው ሞተ። በድንች ላይ ስሙ አልቀረም። የቀረው በስሜን ደጋ ሻይ በሚፈላበት በጦስኝ ላይ ነው፤ የጦስኝ ሳይንሳዊ መጠሪያ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል።