ኤድዋርድ ሩፔልና «ሐሰተኛዋ» ዓሣ

በአሰበ ተፈሪ፥ በበዴሳና በሚኤሶ ላደግን ተማሪዎች የባሕር ዓሣ ማለት ከሱቅ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚገዛው ነው። ቢሆንም ዋልያን፥ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም በስም ያስተዋወቀው ሰው የዓሣ ሊቅም እንደ ነበረ ለአንባቢዎቻችን ለመንገር ወደድን።

ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፍራንክፈርት ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለደ። ለንግድ ቢታሰብም በ1817 ግብፅን ካየ ወዲህ ልቡ ወደ ተፈጥሮ ጥናት አዘነበለ፤ በኢጣልያ ተምሮ ኑብያንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞረ። በ1831 ምጽዋ ደረሰ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ስለ ነበረ መንገዱ አስጊ ነበር፤ እርሱ ግን በስሜን ተራሮች አልፎ ጎንደር ገባ።

ወደ አገሩ ተመልሶ ከ1835 እስከ 1840 ባሳተመው የሐበሻ አራዊት መጽሐፍ ውስጥ የቀይ ባሕርንም ዓሦች ጨመረ። እዚያም ላይ ጣት የምታህል፥ በኮራል ስንጥቅ ውስጥ የምትኖር ዓሣ አግኝቶ አዲስ ወገን አቋቋመላት፤ ፕሴውዶክሮሚስ አላት። «ፕሴውዶ» በግሪክኛ ሐሰተኛ ማለት ነው፤ ክሮሚስን ትመስላለች እንጂ አይደለችም ሲል ነው። ከሁለቱ የመጀመሪያ ዝርያዎች የአንደኛው ወንዱ ሰማያዊ ሆኖ ጀርባው ቢጫ ነው፤ እጅግ ያምራል።

ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት ይህችን ወገን በመልኳ ከእነ ግሩፐር አጠገብ ያስቀምጧት ነበር። በዚህ በ21ኛው ምዕት ዓመት የዘር ቅንጣት ሲመረመር ግን ከእነ ክሮሚስ ጋር፥ እንዲያውም ከሐይቃችን ቆሮሶ ጋር፥ በአንድ ሰፊ ግንድ ላይ ተገኘች። የብዙዎቹ እንቁላል ተጣባቂ ነው፤ የፕሴውዶክሮሚስም ወንዱ እንቁላሉን ይጠብቃል። ሐሰተኛ የተባለችው የሩቅ ዘመድ ሆና ወጣች። ሩፔልን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ በእጁ የነበረው ቅርፊት፥ ክንፍና ጥርስ ብቻ ነው።

በስተርጅና ወደ ጥንታዊ ገንዘብ ጥናት ዞረ፤ በ1884 በ90 ዓመቱ ሞተ። ከጎንደር የወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ደረሱ፤ ዓሦቹም በዚያው ከተማ በዜንከንበርግ ሙዚየም ተቀመጡ። ዛሬ ከቀይ ባሕር የተያዘች ዓሣ አጠራጥራው ከመጀመሪያው ናሙና ጋር ሊያስተያይ የሚፈልግ የእኛ ተማሪ ጉዞው ወደ ፍራንክፈርት ነው።