ጠላትን የማሩት ንጉሥ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ፤ በ1923 ዓ.ም. ነገሡ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወረን ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የደረሰውን ጭፍጨፋ የሰሙት በስደት ሆነው ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋ ሲገቡ ቁስሉ ገና አልሻረም ነበር። እሳቸው ግን የክርስትናን ትምህርት ይዘው ክፉ በክፉ እንዳይመለስ፣ እጁን የሰጠ ጣሊያን እንዳይነካ ሕዝቡን አሳሰቡ። ከፊሎቹም እዚሁ ቀርተው መካኒክና ግንበኛ ሆነው ኖሩ። እኛም እዚህ ፉሪ ጎሚስታ ስንል ቃሉ የነሱ ነው።

ግን እኮ አርበኛው በላይ ዘለቀ አመፀ ተብሎ በ1937 ዓ.ም. የተሰቀለው በኚሁ ንጉሥ ዘመን ነው! ለባዕድ የተገኘው ምሕረት ለሀገር ልጅ ለምን ጠፋ? እኔን ይህ ያስጨንቀኛል።

ንጉሡም በ1967 ዓ.ም. በደርግ እጅ ሞቱ። አፅማቸው በክብር ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው፤ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል።